አባቴና የኮምፒውተሩ ፓምፕ

በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ይዞ ሸዋ ሮቢት መግባት እብደት ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነግረኝም አልሰማም ነበር። አዲስ አበባ የምሠራበት የቪዲዮ ማቀናበሪያ ቤት ሲዘጋ ባለቤቱ በልፋቴ ፈንታ የሰጠኝ እሱን ነው። ከጉልበቴ በላይ የሚደርስ ጥቁር ሣጥን፣ አንድ ጎኑ መስተዋት፣ ውስጡ ቱቦ በቱቦ የሆነ። የአውቶቡሱ ረዳት «ጣራ ላይ ይጫን» ሲለኝ ተጣላሁት፤ በመጨረሻ ለሣጥኑም የሰው ወንበር ከፍዬ በመስኮቱ በኩል አጠገቤ አስቀመጥኩት። ከደብረ ሲና ቁልቁል መውረድ ስንጀምር በመስኮት የሚገባው አየር እየሞቀ መጣ። ያኔ መስተዋቱን በመዳፌ ነካ አድርጌ «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» አልኩት። አልለመደውም። እኔም ብሆን የተወለድኩበትን ሙቀት መልሼ ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል።

ትልቁ መንገድ ዳር፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ ፊት ለፊት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ጀመርኩ። ካሜራ ያላቸው ልጆች በአካባቢው ካሉት ከተሞች፣ ከማጀቴም ከአጣዬም፣ ቀርጸው ያመጡልኛል፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ እንደ ሙሽራው ሃይማኖት ዘፈን ወይም መንዙማ አስገባለሁ። እኔ ጋ ያልመጣ ሙሽራ ያገባ አይመስለውም እያልኩ እጎርር ነበር። ሥራው ለኮምፒውተሩ ከባድ ነው። ከባድ ሥራ ሲሠራ ይግላል፤ እዚህ አገር ደግሞ በሰኔ ቀትር ምንም ሳይሠራም ይግላል።

የማቀዝቀዣው ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። ከሣጥኑ ግርጌ ቡጢ የምታህል ፓምፕ አለች። ከላይዋ ካለ ብርጭቆ መሰል ማጠራቀሚያ ውሃ እየሳበች በሚግለው ፕሮሰሰር ላይ ታሳልፈዋለች፤ የሞቀው ውሃ የሣጥኑ አናት ላይ ወዳለው ራዲያተር ይወጣል፣ ማራገቢያዎች ያበርዱታል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ፓምፗ ከጀርባዋ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አለቻት፤ የምትታዘዘው በዚያች ሰሌዳ ነው። በፊቷ በኩል ቀኑን ሙሉ ውሃ ስትገፋ ትውላለች፤ ጀርባዋን ግን ጠብታ ከነካት አለቀላት። ይህን የፈለሰፈ ሰው ቆላ ወርዶ አያውቅም እያልኩ ስንቴ እንደረገምኩት አላህ ነው የሚያውቀው።

አባቴን ይህ ነገር አልገረማቸውም። ፓምፕ ለእሳቸው አዲስ አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሮቢ ወንዝ በሞተር ውሃ እየሳቡ ሽንኩርትና ማሾ ያመረቱ ሰው ናቸው። የእኛ አገር ገበሬ የውሃ መሳቢያውን ባጭሩ ሞተር ይለዋል፤ አባቴ ግን «እሷ» ነበር የሚሏት። «እሷ ዛሬ አኩርፋለች» ይላሉ፤ እኛም ልጆቹ ስለ ማን እንደሚያወሩ እናውቃለን። የጎረቤት ሞተር አልነሳ ሲል የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው ይታጠቁና ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፤ ከዚያ አንዲት ነገር ነካ ያደርጋሉ፣ ሞተሩ ይነሳል።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ማሳቸውን በላው። በላው ስል ጎርፍ አልፎበት ሄደ ማለቴ አይደለም። መሬቱ ራሱ ተቆርሶ ሄደ፤ ሽንኩርት የነበረበት ቦታ ዛሬ ድንጋይና አሸዋ ነው። ሞተሯም አብራ ሄደች። ጊዜው መንገዱ ዛሬ ይከፈት ነገ ይዘጋ የማይታወቅበት፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ቁስል የሚያስታምምበት ስለነበር የአንድ ሽማግሌ ማሳ ለማንም ወሬ አልሆነም።

ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። አላለቀሱም። ግቢያችን ካለችው የኒም ዛፍ ሥር የጠፍር አልጋ አውጥተው ተኙ። ለሶላት ይነሳሉ፣ ሰግደው ይተኛሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው ሳይቀምሱት «አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤያለሁ» ይላሉ። ታላቅ እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኛው ጋር ነው የምትኖረው፤ እትዬ እላታለሁ። ሳህኑን እንደቀረበ መልሳ ስታነሳ ከንፈሯን ትነክሳለች። «ሰው ሳይታመም እንዲህ ተኝቶ ይሞታል እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን። ይሞታል። ዓይናችን እያየ እየሞቱ ነበር።

ወደ ሥራ ቦታዬ የመጡት እሷ ገፍታ ስለላከቻቸው ነው። ምሳዬን አስይዛ፣ «እግርዎንም ያፍታቱ» ብላ። ዙህር ሰግደው ምሳ ዕቃውን አንጠልጥለው በሩ ላይ ሲደርሱ እኔ የሣጥኑን መስተዋት ከፍቼ በካርቶን እያራገብኩ እራገማለሁ። ኮምፒውተሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ሲጥ ሲጥ እያለ ይጮኻል፤ ጩኸቱን ካልሰሙት ራሱን ያጠፋል፣ የጠዋቱ ሥራ ሁሉ አብሮ ድራሹ ይጠፋል።

«ምን ሆና ነው የምትጮኸው?» አሉ።

«ሞቋት ነው፣ አባ።»

«ውሃ አላት አላልከኝም?»

«አላት። ውሃውም ሞቀ።»

«እስቲ ፓምፗን አሳየኝ።»

አሳየኋቸው። ምሳ ዕቃውን መሬት አስቀምጠው ጎንበስ አሉና ጆሯቸውን አስጠጉ። ወንዙ ማሳውን ከወሰደ ወዲህ እንደዚያ ሲጎነበሱ አይቼ አላውቅም። ትንሽ ቆዩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ደክሟታል እንጂ ደህና ናት» አሉና ተነስተው ወጡ።

ሄዱ ብዬ ስጠብቅ ተመልሰው መጡ። ከጎረቤቴ ከእህል ነጋዴው ባዶ ጆንያ ለምነው፣ ውሃ ነክረው፣ ጨምቀው ይዘዋል። የሮቢ ዳር ገበሬ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ቀትር ላይ ሞተር ሲግል እርጥብ ጆንያ ይጣልበታል፤ ሲደርቅ እንደገና ይነከራል፤ ሞተሩም እስከ ማታ ሥራውን ይቀጥላል። ማሳ ዳር የሚቀመጠው የመጠጥ ውሃ ጀሪካንም በእርጥብ ጆንያ ነው የሚጠቀለለው፤ እኔ ራሴ በልጅነቴ ከዚያ ጀሪካን የጠጣሁትን ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ከማንም ፍሪጅ አልጠጣሁም። አባቴ ጆንያውን አጠፍ አድርገው ሣጥኑ አናት ላይ፣ ራዲያተሩ ባለበት ዘረጉት።

«አባ፣ ኤሌክትሪክ ነው!» ብዬ ዘለልኩ።

«አይንጠባጠብም፤ ጨምቄዋለሁ።»

እውነትም አልተንጠባጠበም። ስክሪኑ ላይ የሙቀቱ ቁጥር መውረድ ጀመረ። ጩኸቱም ቆመ።

«በረደላት?» አሉኝ።

«በረደላት።»

ሳቁ። ጥርሳቸውን ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ያመጡልኝን ምሳ አብረን በላን፤ ከእኔ እሳቸው ባሱ። እኔ እንኳ ሆዴ ባዶ እንደሆነ ተነሳሁ፣ ግን ምን ገዶኝ።

ከዚያን ቀን በኋላ አባቴ ሥራ ያዙ። በየቀኑ ከዙህር በኋላ ጆንያቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ባልዲ ይነክሩታል፣ ይጨምቁታል፣ ይዘረጉታል፣ ከዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል፣ እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ይጠብቋታል። ሲደርቅ ይደግማሉ። በመሃል ስክሪኑ ላይ የሚያለቅሰውን የሙሽራ ዘመድ ሁሉ ያውቁታል፤ «ይህ የእገሌ ልጅ አይደለም እንዴ? አባቱ የኔን ሞተር ተውሶ ካንዴላውን ሰብሮ የመለሰ!» እያሉ ያስቁኛል። ባጃጅ ነጂዎቹ ሲያልፉ «አባባ፣ በሽተኛዋ እንዴት ዋለች?» ይሏቸዋል። «ዛሬ ሻል ብሏታል» ይላሉ፣ ኮራ ብለው። ጢማቸውን እንደገና ሂና መቀባት ጀመሩ። ቤት ሲገቡ እራት ይበላሉ። «ያቺን ኮምፒውተርህን አላህ ይጠብቃት» አለችኝ እትዬ ባዶውን ሳህን ይዛ፤ እኔም አሚን አልኩ። ለእኔ ኮምፒውተሩ እንጀራዬ ነበር። ለአባቴ ግን ከአልጋ የሚነሱበት ምክንያት እሱ ብቻ ነበር፤ ሌላ አልነበራቸውም።

ብዙም ሳይቆይ ፓምፗ መንገዳገድ ጀመረች። ጠዋት ስከፍታት ትነሳና ትቆማለች፤ ደግሞ ትነሳለች። የፍጥነቷ ቁጥር ላይ ታች ይዘላል። አንዳንዴ ጭራሽ ትጠፋና ኮምፒውተሩ ገና ሳይጀምር ይግላል። መጀመሪያ የመብራቱ መቆራረጥ ነው አልኩ። ቀጥሎ አቧራው ነው አልኩ፤ የኛ አቧራ ደግሞ የማይገባበት የለም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ፈትቼ ጀርባዋን ስከፍት ሰሌዳዋ ላብ አውጥታለች። ጥቃቅን ጠብታ ተኮልኩሎባታል፤ ሽቦዎቹ የተበየዱበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት ይዞታል።

በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው ቆየሁ። ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ማራገቢያዎቹ አየር የሚስቡት ከላይ፣ በራዲያተሩ በኩል ነው። ከላይ እርጥብ ጆንያ ካለ የሚስቡት እርጥብ አየር ነው፤ ሣጥኑ ያንን ሲምግ ይውላል። እየሠራ እያለ ሙቀቱ ያደርቀዋል። ሲጠፋና ሲበርድ ግን እርጥበቱ ከሁሉ ይልቅ በቀዘቀዘው ነገር ላይ ያርፋል፤ እሱም ሆዷ ውሃ የሆነችው ፓምፗ ናት። ያበረዳት ጆንያ ነው ያሳመማት።

«አባቴ ናቸው» አልኩ ጮክ ብዬ። ክፍሏ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ቢሆንም አፈርኩ።

ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን ወዳጅ አለኝ፤ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ፓምፗን ይዤለት ሄድኩ። አገላብጦ አየና «ወንዝ ውስጥ ነው እንዴ ያሳደርካት?» አለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። መሳቁን ተወና ሰሌዳዋን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጸዳልኝ።

«አሁን በደንብ ትድረቅ» አለ። «ስትደርቅ አምጣትና ሰሌዳዋን የጥፍር ቀለም እንቀባታለን፤ እርጥበት እንዳይነካት ይሸፍናታል። ሳትደርቅ ከቀባናት ግን ውሃውን ውስጥ ዘጋንበት ማለት ነው፤ ያኔ ባሰባት። እንደኔ አዲስ ብታስመጣ ነው የሚሻልህ።»

አዲሱ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ መቼ እንደሚከፈትም የሚያውቅ አልነበረም።

«ለሽማግሌው ጆንያውን እንዲተዉት ንገራቸዋ» አለኝ ስወጣ።

«አንተ ንገራቸው።»

ያ አፉ የማያርፍ ሰው አቀርቅሮ የሌላ ሰው ሬዲዮ መፍታት ጀመረ።

ቤት ይዣት ገባሁ። አባቴ ከኒሟ ሥር ሆነው ጆንያቸውን በመርፌ ይሰፋሉ፤ ጥጉ ተተርትሮ ነበር። ፓምፗን በሸሚዜ ሸፍኜ ወደ ጓዳ አለፍኩ። እትዬ ስልክ ውሃ ሲገባበት ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲባል ሰምታለች። ሩዝ ቤታችን የለም። ያለው ማሾ ነው፤ ማሳው ሳይሄድ ከተሰበሰበው ከመጨረሻው ምርት የተረፈ አንድ ኩንታል፣ አባቴ አይሸጥም አይበላም ብለው ያስቀመጡት። የከረጢቱን አፍ ፈትታ ፓምፗን ውስጡ ቀበረቻት።

«እንንገራቸው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ከነገርካቸው ከዚያች አልጋ ዳግመኛ አይነሱም።»

«ካልነገርኳቸው ሥራዬ ቆመ።»

«ያውልህ» አለችኝ፣ ሁለቱን እጇን ዘርግታ። ከረጢቱን አስረን ወጣን።

ፓምፗን ከማሾው ሳወጣት ሰሌዳዋ ላይ ነቀዝ ይሄድባት ነበር። ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ሌላ ነገር ሆነብኝና ፊቴን በክንዴ ጠረግሁ። መልሼ ገጠምኳት፤ ሠራች። ደህና ደርቃ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ስላልነበርኩ ቀለሙን አላስቀባኋትም። «ሥራ የለም» ብዬ ሁለት ቀን ቤት ያስቀረኋቸው አባቴም በሰዓታቸው መጡ፣ ጆንያቸውን ነከሩ፣ ዘረጉ። «ሁለት ቀን የት ጠፍታ ነው?» ሲሉኝ «መብራት አልነበረም» አልኳቸው። «ብትነግረኝስ፣ ቤት ተኝቼ ከምውል መጥቼ እጠብቃት ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለማንም አልተናገርኩም። እሳቸው ለዐስር ሶላት ሲነሱ ጠብቄ ጆንያውን አነሳለሁ። አጠገቤ ካለው የሴቶች ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ ፎን እዋሳለሁ። መስተዋቱን ከፍቼ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ፣ በዚያ ሙቀት ላይ ሙቅ አየር እየነፋሁ ሣጥኑን አደርቃለሁ። የፀጉር ቤቷ ልጆች «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትሞሽር ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ጆንያው ሲመጣ ሥራ፣ ጆንያው ሲሄድ ማድረቅ ሆነ። የሰርግ ቪዲዮ ዘገየ፣ ሙሽሮቹ አርግዘው እየመጡ «ልጃችን ሳይወለድ አድርስልን» ይሉኝ ጀመር። ዝገቱም አልቆመም፤ በየሳምንቱ ስከፍታት እየባሰባት ነው። የምሠራው ሥራ ከንቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ከሁለቱ፣ ከፓምፗና ከአባቴ፣ አንዳቸው መሞታቸው አይቀርም፤ እኔ የማደርገው ቀኑን መግፋት ብቻ ነው። ሰው እያወቀ ውሃ በወንፊት ሲቀዳ እንዴት እንደሚውል ያኔ ነው ያየሁት።

ዓርብ ቀን ነበር። ዓርብ አባቴ ወደ መስጊድ በጊዜ ነው የሚሄዱት፤ ወደ እኔ የሚመጡት ከጁሙዓ በኋላ ነው። ያን ቀን ግን ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀምሮ የተለየ ነበር፤ ነፋስ የሚባል የለም፣ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ፓምፗ አሳዘነቻቸው መሰለኝ፣ ከሶላት በፊት ጆንያቸውን ቤት ነክረው መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ እኔ ፓምፗን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጀርባዋን ከፍቻለሁ። የምደብቅበት ጊዜ አልነበረኝም።

ሰላምታ አልሰጡኝም። ቀጥ ብለው መጥተው ጎንበስ አሉ። ፓምፗን አነሱ፣ ወደ ብርሃኑ አዞሯት፣ በጥፍራቸው ዝገቱን ፋቅ አደረጉት።

«ውሃ ገብቶባታል» አሉ።

«ወበቁ ነው፣ አባ። አየሩ ራሱ እርጥብ ነው።»

«በፊት አየሩ እርጥብ አልነበረም?»

መፍቻውን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ከላይ ነው የመጣባት» አሉ። የሣጥኑን አናት አዩ። ከዚያ በግራ እጃቸው የያዙትን ጆንያ አዩት፤ ውሃው ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። በዕድሜያቸው ስንቱን የታመመ ሞተር አይተዋል፤ ማንም እንዲነግራቸው አላስፈለጋቸውም። ፓምፗን ከነበረችበት ቦታ በቀስታ አስቀመጧት።

«አውፍ በለኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ኧረ አባ! ምን አደረጉና! እርስዎ ባይኖሩ እኮ ገና ዱሮ...»

«አውፍ በለኝ ነው የምልህ።»

«አውፍ ብያለሁ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? አባትን ይቅር ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጆንያውን ደጅ ላይ ጨምቀው በብብታቸው ያዙና ሄዱ። ባጃጅ ነጂዎቹ እንደ ልማዳቸው ጠየቋቸው። መልስ ሲሰጡ አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ከኒሟ ሥር ወዳለችው አልጋ ተመለሱ። መጀመሪያ ለሶላት ይነሱ ነበር፤ ኋላ ተቀምጠው መስገድ ጀመሩ። የጢማቸው ሂና ከሥሩ እየነጣ ሄደ። እትዬ ገንፎ ብታደርግላቸው፣ ሾርባ ብታደርግላቸው፣ መልሱ ያው «አልሐምዱሊላህ» ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። መረመሯቸው፤ በሽታ የለባቸውም አሉኝ። በሽታ ቢኖርባቸው ምን ያህል ደስ ይለኝ ነበር!

ፓምፗ ግን ዳነች። ጆንያው ሲቀር እርጥበቱ ቀረ። ለብዙ ቀን ሥራ አቁሜ ፀሐይ ላይ ካደረቅኋት በኋላ ያ ወዳጄ ሰሌዳዋን ዳግመኛ አጸዳና የሚስቱን የጥፍር ቀለም ደራርቦ ቀባት። ቀይ ነው፤ ሌላ አልነበረውም። እኔም ከማለዳ ጀምሬ እሠራና ቀትር ላይ አጠፋዋለሁ። እንደዚያ ቀላል ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድም ቀን ቀጥ ብላ አልቆመችም። የዘገየው ሥራ ሁሉ ተጠናቀቀ፣ መንገዱም ተከፈተ፣ አዲስ ሥራ መጣ። በርጩማዋን ጥግ አስጠጋኋት። ስክሪኑ ላይ የማላውቀው ሰው ሲጨፍር ሳይ የማን ልጅ እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ፤ ምኞቴ ግን አልሰመረልኝም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ አልቻልኩም። ኮምፒውተሩን ነቅዬ ባጃጅ ላይ ጫንኩና ቤት ወሰድኩት። ከቤት ውስጥ ማከፋፈያ ስቤ ከኒሟ ሥር፣ ከአባቴ ራስጌ አጠገብ ተከልኩት። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ተኝተዋል። አንድ ትልቅ ሥራ ከፈትኩበት። ከዚያ እጄን በሣጥኑ አናት አስገብቼ የማራገቢያዎቹን ሽቦ ነቀልኩ። ውሃው ይዞራል፣ የሚያበርደው ግን የለም። የሙቀቱ ቁጥር መውጣት ጀመረ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። እትዬ ከጓዳው በር ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታያለች።

ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ።

አባቴ ተገላበጡ። ዓይናቸውን ገለጡ።

«አባ፣ ሞቋታል» አልኩ። «አስቸገረችኝ። ጆንያውን ላምጣልዎ?»

ክንዳቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን መስተዋቱ ላይ አሳረፉ። እጃቸው ቀጥኗል። አንገታቸውን ከትራሱ ትንሽ ቀና አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆዩና ዓይናቸውን ገለጡ፤ እኔን አዩኝ።

«ፓምፗ ደህና ናት» አሉ። «ማራገቢያዋ ነው የማይሰማኝ። አንተ ነህ የነቀልከው?»

የተነቀለውን ሽቦ በእጄ ሸፈንኩት።

«መልሰህ ሰካው፣ ልጄ። በእኔ የተነሳ አንዴ ታማለች፤ ይበቃታል።»

እጃቸውን ከመስተዋቱ ላይ አንስተው ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሽቦውን ሰካሁት። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፣ ጩኸቱ ቆመ፣ የሙቀቱ ቁጥር ወረደ። እትዬ ከጓዳው በር ሆና በዓይኗ ጠየቀችኝ። ማከፋፈያውን ነቅዬ መጠቅለል ጀመርኩ።